በራሪ ወረቀት ከመጽሐፍ ጋር አይወዳደርም

በአሜሪካ በየካውንቲው ተመድበው ገበሬውን የሚያማክሩ የግብርና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየዓመቱ የጽሑፍ፣ የድምፅና የምስል ሥራዎቻቸውን አቅርበው የሚወዳደሩበት የሽልማት መርሐ ግብር አላቸው። የሚያካሂደው እ.ኤ.አ. በ1915 የተቋቋመው የካውንቲ ግብርና ባለሙያዎች ብሔራዊ ማኅበር ነው (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ካውንቲ ከክፍለ ግዛት በታች ያለ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ወረዳ ከሚባለው ጋር የሚቀራረብ የአስተዳደር እርከን ነው። ለውድድሩ የሚቀርበው ምርጥ ዘር ወይም የደለበ ወይፈን አይደለም። ሠራተኛው ስለ ዘሩና ስለ ወይፈኑ ለገበሬው ያደረሰው መልእክት ነው፦ በአካባቢው ጋዜጣ ያወጣው ዓምድ፣ ያሳተመው የመረጃ ወረቀት፣ ያነሳው ፎቶግራፍ፣ በሬዲዮ የተናገረው፣ በቪዲዮ ያሳየው።

እነዚህ ሥራዎች ተቀላቅለው አይዳኙም፤ ከአሥር በሚበልጡ ዘርፎች ይከፈላሉ። ለማያውቀው ሰው የዘርፎቹ ዝርዝር የጽሕፈት ቤት ቅጽ ይመስላል። ይሁንና አንድን ዘርፍ ከሌላው የለየ ሰው ምን ከምን ጋር መመዘን እንዳለበት ወስኗል። በዚህ ውድድር ውስጥ መለያው አብዛኛውን ጊዜ የሥራው ውበት ወይም የአዘጋጁ ማዕረግ አይደለም፤ ገበሬው ያን ሥራ ተቀብሎ ምን ያደርግበታል የሚለው ነው።

ገበሬን ሊያማክር የተቀጠረ ሰው ጸሐፊም እንዲሆን ያስገደደው ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1862 የወጣው የሞሪል አዋጅ ለየክፍለ ግዛቱ ከተሰጠ መሬት በሚገኝ ገቢ የግብርናና የቴክኒክ ኮሌጆች እንዲቋቋሙ መንገድ ከፈተ። በ1887 የሃች አዋጅ ከኮሌጆቹ ጎን የምርምር ጣቢያዎች እንዲኖሩ ገንዘብ መደበ። ይኸው አዋጅ ለሕትመት ሰዎች ትልቅ ትርጉም ያለው አንድ ግዴታ ነበረበት፦ ጣቢያዎቹ ቢያንስ በየሦስት ወሩ ቡለቲን እንዲያሳትሙ፣ አንድ አንድ ቅጂ በክፍለ ግዛቱ ላሉ ጋዜጦች እንዲልኩ፣ በግብርና ለተሰማራና ለጠየቀ ሰውም እንዲሰጡ አዘዘ። ተመራማሪው ያገኘውን ነገር መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ አይችልም ማለት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1889፣ የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት የገበሬዎች ቡለቲን የተሰኘውን ተከታታይ ሕትመት ጀመረ። በ1914 ደግሞ የስሚዝ ሌቨር አዋጅ የምርምር ውጤትን ወደ ገበሬው ቤት የሚያደርስ የኤክስቴንሽን ሥርዓት በመላ አገሪቱ ዘረጋ። የካውንቲው ባለሙያ እንግዲህ ሁለት ሥራ ነበረው፤ ቀን እርሻ ላይ ይውላል፣ ማታ ይጽፋል። ማኅበሩ በዓመቱ መቋቋሙም የአጋጣሚ ነገር አይመስልም።

በጽሑፍ በኩል ካሉት ዘርፎች የግል ዓምድና ፊቸር ጽሑፍ ጎን ለጎን ይገኛሉ፤ ጀማሪ ተወዳዳሪዎችም በቀላሉ ያምታቷቸዋል። የግል ዓምድ ባለሙያው በገዛ ስሙ፣ በተመሳሳይ ቦታ፣ ለተመሳሳይ አንባቢ ደጋግሞ የሚጽፈው ነው። አንባቢው ጸሐፊውን ያውቀዋል፤ ምናልባትም ባለፈው ሳምንት ገበያ ላይ አግኝቶታል። ስለዚህ ድምፁ የራሱ እንዲሆን፣ ነገሩም የወቅቱ እንዲሆን ይጠበቃል። ውርጭ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የወጣ ምክር ዋጋ አለው፤ ከውርጩ በኋላ የወጣው፣ አጻጻፉ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ለዚያ ዓመት ዋጋ የለውም። ፊቸር ጽሑፍ ግን አንድ ጉዳይ ወይም አንድ ሰው ይዞ በጥልቀት ይሄዳል። የከብት ግጦሹን በየተራ ከፋፍሎ ማሰማራት የጀመረ አርቢ፣ ምን እንደገፋፋው፣ ምን እንደከሰረ፣ ምን እንዳተረፈ የሚተርክ ጽሑፍ የዚህ ዘርፍ ነው። ዓምደኛው «ነገ ይህን አድርግ» ይላል፤ የፊቸር ጸሐፊው ሰው ምን እንዳደረገ ያሳይና ውሳኔውን ለአንባቢው ይተዋል።

ዜና መጽሔት ሁለት ዘርፍ አለው፤ አንዱ በግል ለሚያዘጋጁ፣ ሌላው በቡድን ለሚሠሩ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በአንድ ካውንቲ ብቻውን የተቀመጠ ባለሙያ ራሱ ጽፎ፣ ራሱ ፎቶ አንስቶ፣ ራሱ ገጽ አቀናብሮ የሚልከው መጽሔት፣ የአትክልት፣ የከብትና የሰብል ባለሙያዎች ተሰባስበው ከሚያወጡት ጋር ቢወዳደር ገና ከመነሻው ተሸንፏል።

ዘርፎቹ በጣም የሚጠጋጉት፣ ልዩነታቸውም ብዙ የሚያስተምረው፣ የታተሙ ትምህርታዊ ሥራዎች ላይ ነው። የመረጃ ወረቀት፣ ቡለቲን ወይም ሌላ ሕትመት፣ የተጠረዘ መጽሐፍ፣ የሥልጠና ሞጁል በየራሳቸው ይቀርባሉ። የመረጃ ወረቀት አንድ ጥያቄ ይዞ ተነስቶ በጥቂት ገጽ መልሶ ይጨርሳል። ለላቦራቶሪ የሚላክ የአፈር ናሙና እንዴት ይወሰዳል የሚለው ለዚህ ዓይነቱ ሥራ የተፈጠረ ርዕስ ነው። መልሱ አጭር ነው፤ ግን እያንዳንዱ ነጥብ መጠበቅ አለበት። ከማሳው ከ15 እስከ 20 ከሚሆኑ ቦታዎች፣ ወዲያና ወዲህ እየተጠማዘዙ፣ ከተመሳሳይ ጥልቀት አፈር ይወሰዳል፤ በንጹሕ የፕላስቲክ ባልዲ ይደባለቃል፤ ከተደባለቀው ተቀንሶ ይላካል። ባልዲው ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ ከሆነ የዚንክ ምርመራው ይዛባል። ይህቺን የመጨረሻዋን ነጥብ የዘነጋ የመረጃ ወረቀት በቀለምና በሥዕል ቢያሸበርቅም ገበሬውን አሳስቷል፤ ርዕሱን የሚያውቅ ዳኛም አያልፈውም። ስለ አፈር ለምነት ታሪክ፣ ስለ ማዳበሪያ ኢኮኖሚ ሁለት አንቀጽ የጨመረበትም እንዲሁ ነጥብ ይቀነስበታል። ጽሑፉ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ገበሬው ባልዲ በእጁ ይዞ ማሳ ላይ ቆሞ የሚያነበው ስላልሆነ ነው።

ቡለቲን ሰፋ ይላል፤ ሰፋ ሲል ግን ለማን እንደተጻፈ መጥፋት የለበትም። በዚህ ረገድ ሽልማቶቹ ከመጀመራቸው በፊት የነበረ አንድ ሰው ሳይጠቀስ አይታለፍም። በባርነት የተወለደው ጆርጅ ዋሽንግተን ካርቨር በአላባማ በቱስኪጊ የምርምር ጣቢያ ሆኖ ከ1898 ጀምሮ ከ40 በላይ ቡለቲኖች አሳትሟል። ዝነኛው በ1916 የወጣው ስለ ኦቾሎኒ የተጻፈው ነው። መጀመሪያ ኦቾሎኒ እንዴት እንደሚዘራና እንደሚሰበሰብ ይናገራል፤ ከዚያ 105 የምግብ አሠራሮችን ይደረድራል። ነገሩን ላየው ሰው ሁለት መጽሐፍ በአንድ የታጨቀ ይመስላል። ካርቨር ግን ጥጥ መሬቱን ያሟጠጠበት፣ ገንዘብ የሌለው፣ ብዙውን ጊዜ በኪራይ መሬት የሚያርስ ጥቁር ገበሬ ኦቾሎኒ ዝራ ሲባል «ማን ይገዛልኛል?» እንደሚል ያውቅ ነበር። የምግብ አሠራሩ ለዚህ ጥያቄ መልስ ነው፤ ባይሸጥ ይበላል። ዛሬ ለውድድር ቢቀርብ የገጽ አቀማመጡ ነጥብ ያሳጣው ይሆናል፤ አንባቢን በማወቅ ግን ብዙ ተፎካካሪ የሚያገኝ አይመስልም።

አጭሩንና ረጅሙን የት ላይ መለየት እንደሚገባ ሌሎች ማኅበራት በገጽ ቁጥር ወስነዋል። የአሜሪካ አግሮኖሚ ማኅበር በትምህርታዊ ሕትመቶች ሽልማቱ መስመሩን 16 ገጽ ላይ አስምሯል፤ ከዚያ በታች ያለው ለብቻ፣ ከዚያ በላይ ያለውም ለብቻ ይዳኛል። ቁጥሩ ለማተሚያ ቤት ሰዎች እንግዳ አይደለም። አንድ ትልቅ ወረቀት በሁለት ገጹ ታትሞ ሦስት ጊዜ ሲታጠፍ የሚሰጠው 16 ገጽ ነው፤ ከዚያ ያለፈ ሥራ ሌላ ወረቀት፣ ሌላ እጥፋት፣ ሌላ ወጪ ይጠይቃል። ሁሉም ነገር በስክሪን በሚነበብበት ዘመን ይህ ልኬት ምን ያህል እንደሚቆይ መጠየቅ ይቻላል።

የተጠረዘ መጽሐፍ በካውንቲ ባለሙያዎች ዘንድ ብዙ የሚዘጋጅ ሥራ አይደለም፤ ተወዳዳሪውም አነስ ይላል። የሥልጠና ሞጁል ደግሞ ሁለት ተጠቃሚ አለው። አንዱ ሠልጣኙ ሲሆን ሌላው ጽሑፉን ተቀብሎ በሌላ ቦታ የሚያሠለጥነው ባለሙያ ነው። ስለዚህ ትምህርቱ ብቻ ሳይሆን የሰዓቱ አመዳደብ፣ የተግባር ልምምዱ፣ ሠልጣኙ መረዳቱን ማረጋገጫው ሁሉ አብሮ ካልገባ ሥራው ጎዶሎ ነው።

የፎቶግራፍ ዘርፉ ስሙ ራሱ ሁለት ነገር ይዟል፤ የታተመ ፎቶና የፎቶው መግለጫ። በሐርድ ዲስክ ውስጥ የተቀመጠ ውብ ፎቶ አይቀርብም፤ ታትሞ ለአንባቢ የደረሰ መሆን አለበት፣ ከሥሩም ጽሑፍ ሊኖረው ይገባል። ፎቶና መግለጫ ተለያይተው እንዳይሄዱ የተፈለገበትን ምክንያት የሚያስረዳ አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። በ1936 ድርቅ የአሜሪካን ሜዳማ ክፍለ ግዛቶች ባደረቀበት ወቅት፣ አርተር ሮትስታይን የተባለው የመንግሥት ፎቶ አንሺ በሳውዝ ዳኮታ በተሰነጣጠቀ መሬት ላይ የተጣለ የበሬ ራስ ቅል አነሳ። ቅሉ አንድ ነበር፤ ሮትስታይን ግን ጥቂት እርምጃ እያንቀሳቀሰ በተለያየ ቦታና ብርሃን ደጋግሞ አንስቶታል። ፎቶው የድርቁ ምልክት ሆኖ በየጋዜጣው ሲወጣ፣ የፕሬዝዳንት ሩዝቬልት ተቃዋሚዎች ይህን ደርሰውበት መንግሥት ድርቁን እያጋነነ ነው ብለው ዘመቻ ከፈቱ። ድርቁ እውነት ነበር፤ ቅሉም እውነተኛ ቅል ነበር። የጎደለው ምስሉ እንዴት እንደተነሳ በትክክል የሚናገር ቃል ነው። ዛሬ በኮምፒውተር የበሽታ ምልክት ከቅጠል ላይ ማጥፋትም መጨመርም የሁለት ደቂቃ ሥራ ሆኗል። በስንዴ ዋግ የተመታ ቅጠል ቀለሙ ትንሽ ከተለወጠ ገበሬው ሌላ በሽታ መስሎት ሌላ መድኃኒት ሊገዛ ይችላል፤ በግብርና ፎቶ ላይ ማስዋብ እስከ ኪስ የሚዘልቅ ጣጣ አለው።

የድምፅ ዘርፍ ሥሩ ሬዲዮ ነው። የአሜሪካ ገበሬ መብራት ሳይደርሰው በፊት በባትሪ ሬዲዮ የገበያ ዋጋና የአየር ትንበያ ይሰማ ነበር፤ በ1928 በኤን ቢ ሲ የሬዲዮ ኔትወርክ የተጀመረው ብሔራዊ የእርሻና የቤት ሰዓት የተሰኘው የቀትር ዝግጅት ለዓመታት የገጠሩ መገናኛ ሆኗል። አሁን በዚሁ ዘርፍ ፖድካስትም ይስተናገዳል። ሁለቱን አብሮ መዳኘት ቀላል አይደለም። የሬዲዮ ምክር በተመደበለት ጥቂት ደቂቃ ውስጥ፣ አድማጩ ትራክተር ላይ ሆኖ፣ አንዴ ሰምቶ እንዲይዘው ሆኖ ይሠራል። ፖድካስት ግን መልሶ ይደመጣል፣ ይቆማል፣ ይረዝማል። ቪዲዮም ሌላ ጥያቄ አለው፦ የሚያሳየው ነገር በቃል ሊነገር የማይችል ነው ወይ? ተክል የማዳቀል፣ የወይን ሐረግ የመግረዝ፣ የመርጫ ማሽን አፍንጫ የማስተካከል ሥራ በቪዲዮ ሲሆን ዋጋ አለው። ባለሙያ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚያወራበት ቪዲዮ ወደ ድምፅ ዘርፍ ቢዛወር ይሻለው ነበር።

በኮምፒውተር የተዘጋጀ ግራፊክ አቀራረብ የሚባል ዘርፍም አለ፤ ስያሜው የተወለደበትን ዘመን ያጋልጣል። ባለሙያው የስላይድ ፊልም በሣጥን ይዞ ከአዳራሽ አዳራሽ ይዞር በነበረበት ጊዜ ኮምፒውተር ልዩ መሣሪያ ነበር። አሁን ያለ ኮምፒውተር የሚዘጋጅ አቀራረብ የለም። የድረ ገጽ ዘርፍ በአንጻሩ ዳኛው ራሱ ገብቶ ስለሚያየው፣ ካለፈው ዓመት የቀረ የስብሰባ ማስታወቂያ ፊት ለፊት ተለጥፎ ከተገኘ መሸፋፈን አይቻልም። የማስተዋወቂያ ሥራ፣ ማለትም ሰውን ወደ መስክ ቀን ወይም ወደ ሥልጠና የሚጠራ ፖስተር ወይም በራሪ ወረቀት፣ ከሁሉም አጭሩ ነው። ቀኑ፣ ቦታው፣ ለምን መምጣት እንዳለበት ከተነገረው በቃ።

ሥራዎቹ በደረጃ ያልፋሉ። መጀመሪያ በክፍለ ግዛት፣ ቀጥሎ ማኅበሩ አገሪቱን ከከፈለባቸው አራት ክልሎች በአንዱ፣ በመጨረሻም በአገር አቀፍ ደረጃ ይዳኛሉ። ይህ መሰላል አንድ ችግር ያመጣል። በፍሎሪዳ ለብርቱካን አምራች የተጻፈ ምክር በሞንታና ስንዴ አካባቢ ያደገ ዳኛ እጅ ሊገባ ይችላል። ከሥራው ጋር ታዳሚው ማን እንደሆነ፣ ስንት ሰው እንደደረሰው፣ ለምን እንደተዘጋጀ የሚገልጽ አጭር ማብራሪያ የሚጠየቀው ለዚህ ነው። ማብራሪያውን የዘነጋ ጥሩ ሥራ በማብራሪያው ከተደገፈ መካከለኛ ሥራ ያነሰ ነጥብ ሲያገኝ ቅር የሚላቸው አሉ፤ ቅሬታቸው ግን ብዙም አያሳምንም፤ አንባቢውን የማያውቅ ሰው ስለ ጽሑፉ ሊፈርድ አይችልም።

የግብርና ጋዜጠኞች ውድድር ከዚህ የተለየ አከፋፈል ይከተላል። በአሜሪካ ከ1819 ጀምሮ፣ በባልቲሞር አሜሪካን ፋርመር የተሰኘው ጋዜጣ ከተመሠረተ ወዲህ፣ የእርሻ ፕሬስ የራሱ ዓለም አለው። አዘጋጆቹ በ1921 ማኅበር አቋቁመው፣ በ2019 ስሙን የግብርና ኮሙኒኬተሮች ኔትወርክ ብለውታል። የእነርሱ ዘርፎች የጋዜጠኝነት ቋንቋ ይናገራሉ፤ የአመራረት ዘዴ፣ ገበያ፣ የሰው ታሪክ፣ የአስተያየት ጽሑፍ፣ ጥልቅ ዘገባ እያሉ ይሄዳሉ። የኤክስቴንሽን ሠራተኛ በመንግሥት ገንዘብ ትምህርት ያስተላልፋል፤ የግብርና መጽሔት ግን በደንበኝነትና በማስታወቂያ ይኖራል፤ ማስታወቂያ የሚያወጡት ደግሞ ዘር፣ ማሽንና ኬሚካል ሻጮች ናቸው። አስተያየትና ጥልቅ ዘገባ ለብቻ ተለይተው መሸለማቸው፣ ገንዘብ ከሚከፍለው ወገን ርቆ መጻፍ ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑን ይመሰክራል። ማስታወቂያ የሚሠሩት ወገኖችም በብሔራዊ የግብርና ማርኬቲንግ ማኅበር ሥር የራሳቸው ውድድር አላቸው፤ ዘገባና ማስታወቂያ በአንድ ሚዛን አይወጡም። የዓለም አቀፉ የግብርና ጋዜጠኞች ፌዴሬሽንም ከ1956 ጀምሮ የየአገሩን ማኅበራት ያሰባስባል፤ የራሱን ሽልማቶችም ይሰጣል።

እነዚህ ዘርፎች የበቀሉበት ሥርዓት ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም። የኦክላሆማ ግብርናና መካኒካል ኮሌጅ ፕሬዝዳንት ሄንሪ ቤኔት በ1950 ኢትዮጵያን ጎብኝተው ከዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጋር ተነጋገሩ። እሳቸው በ1951 መጨረሻ በኢራን በአውሮፕላን አደጋ ቢሞቱም፣ በ1952 ኮሌጁ ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ተዋዋለ። ትምህርቱ በጅማ ተጀምሮ፣ በኋላ ወደ ዓለማያ ኮሌጅ፣ ወደ ዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ ተሻገረ። ኮሌጁ የአሜሪካውን አምሳያ ተከትሎ ማስተማርን፣ ምርምርንና ኤክስቴንሽንን በአንድ ጣሪያ ሥር ይዞ ነበር፤ በ1963 የኤክስቴንሽኑ ሥራ ወደ ግብርና ሚኒስቴር ተዛወረ። በዚህ ሽግግር ምርምሩና የገበሬው መልእክተኛ በሁለት መሥሪያ ቤት ተለያዩ፤ አሜሪካ ውስጥ ግን እስከ ዛሬ አብረው አሉ፤ የቡለቲን ባህሉ እዚያ የጠነከረው አንድም በዚህ ነው።

በኢትዮጵያ ገጠር የልማት ሠራተኛው መልእክት በአብዛኛው በአፍ፣ በሠርቶ ማሳያና በገበሬዎች ማሠልጠኛ ማዕከል በኩል ይሄዳል። ከአሜሪካው ዝርዝር ጋር ጨርሶ የማይገጥም የመልእክት ዓይነትም ተፈጥሯል። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በ2014 የጀመረው 8028 የስልክ መስመር፣ ገበሬው በነፃ ደውሎ፣ ቁጥር እየተጫነ፣ በቋንቋው የተቀዳ ምክር የሚሰማበት ነው። ምን ዘርፍ ይሰጠው? በድምፅ ነው የሚተላለፈው፤ ግን እንደ ሬዲዮ አድማጩን አይጠብቅም፤ ገበሬው ራሱ ነው የሚጠራው። ይዘቱ በአጫጭር ጥያቄና መልስ የተከፋፈለ ስለሆነ ለመረጃ ወረቀት ይቀርባል፤ ለማያነብ ሰው የተሠራ የመረጃ ወረቀት ቢባል የበለጠ ይገልጸዋል። እንዲህ ያለ ሥራ በተቀዳ ድምፅ ተርታ ከፖድካስት ጋር ቢሰለፍ፣ ዳኛው የተናጋሪውን የድምፅ ጥራትና የትረካውን ፍሰት ሲመዝን፣ ገበሬው ስንተኛውን ቁጥር ተጭኖ መልሱን እንዳገኘ የሚጠይቅ አይኖርም።

ዘርፍ መምረጥ በተወዳዳሪው ላይ የሚወድቅ ሥራ ነው። ብዙ ሥራ የሚወድቀውም መጥፎ ስለሆነ ሳይሆን ያለ ቦታው ስለገባ ነው፤ ዓምድ ፊቸር ተብሎ፣ ስምንት ገጽ የሞላ ቡለቲን የመረጃ ወረቀት ተብሎ ይቀርባል። የወደቀው ሥራ ለምን እንደወደቀ የሚነግር ሌላ ውድድርም አለ። በ1913 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የግብርና ኮሌጅ አዘጋጆች ማኅበር፣ አሁን በግብርና፣ በተፈጥሮ ሀብትና በተያያዥ ሳይንሶች የኮሙኒኬሽን ባለሙያዎችን የያዘው፣ ውድድሩን ሽልማት ብቻ ብሎ አልሰየመውም፤ ሂስና ሽልማት ነው የሚለው። ዳኞች ነጥብ ከመስጠት ባሻገር ስለ ሥራው ያላቸውን አስተያየት ለአዘጋጁ ይመልሳሉ። ያሸነፈው ሽልማቱን ይይዛል፣ ያላሸነፈውም ለሚቀጥለው እትም ምን እንደሚያርም የተጻፈበት ወረቀት ይደርሰዋል።